ልጆችና ክላሲካል ሙዚቃ በመሃል አዲስ አበባ

በመሃል አዲስ አበባ ልጁን ቫዮሊን ወይም ፒያኖ በኖታ ማስተማር የሚፈልግ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠራለት ስም ያሬድ ነው። ስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ልጆችን ቤት ለቤት የሚያስጠኑ ብዙ መምህራንም የዚሁ ግቢ ፍሬዎች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረውም በልጆች ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጡ። ከተማው «አርባ ልጆች» አላቸው። የትንፋሽ መሣሪያ ይጫወቱ ነበር፤ መሪያቸው ደግሞ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለት «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ዜማው የኬቮርክ ነው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1955 በተከፈተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ፣ ሠርተዋል። በያሬድም አስተምረዋል። ይህ ቤተሰብ ለከተማችን ሙዚቃ የዋለው ውለታ ገና በወጉ አልተነገረለትም።

በዚያ ዘመን ቫዮሊን ለመማር ባሕር ማዶ የሄዱም ነበሩ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ነው ቫዮሊን የጀመሩት። ኋላ ለፒያኖ የደረሱትን ሙዚቃ ዓለም ያውቀዋል። በስማቸው የቆመው ፋውንዴሽን ዛሬ ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ ይደግፋል።

ያሬድ መቼ ተመሠረተ? 1954 የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ወደ 1960ዎቹ ያመጡታል። ትምህርት ቤቱን ትምህርት ቤት ያደረጉት ግን አሸናፊ ከበደ ናቸው። አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ከተመረቁ በኋላ መጥተው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። «እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘው ሥራቸው የእኛን የዋሽንት ዜማ ለኦርኬስትራ ያበቃ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ «የኢትዮጵያ ኮዳይ» ብለው ሰየሟቸው ይባላል። የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ኮዳይ ልጆች መሣሪያ ከመያዛቸው በፊት በሀገራቸው ዘፈን ኖታ ይማሩ ያለ ሰው ነው።

በደርግ ዘመን ያሬድ በተለይ ከቡልጋሪያ ጋር የነበረው ትስስር ጠንክሮ ቀጠለ።

የዚያ ዘመን ፍሬ ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ነው። በልጅነቱ ክራር ይጫወት ነበር። ፒያኖ የጀመረው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ሲገባ ነው። በቡልጋሪያ ዋና ከተማ ሶፊያ ተምሮ ተመለሰና እዚያው ግቢ አስተማረ። «አምባሰል»ን በፒያኖ ሲጫወት የሰማ ልጅ ክላሲካል የሰው ሀገር ነገር ነው አይልም።

ለአዲስ አበባ ልጅ ከሁሉ የሚከብደው ሶልፌጅ፣ ኖታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያሉ ማዜም፣ ነው። ጆሮው በትዝታ አድጓል። ትዝታ ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። ስለዚህ ከሚ በቀጥታ ወደ ሶል መዝለል ለጆሮው ይቀለዋል። ጎበዝ መምህር ልጁን በሚያውቀው ቅኝት ያስጀምረውና ሁለቱን ድምፆች ቀስ ብሎ ያስገባለታል። ቫዮሊንም ሲሆን መሰንቆ ያየ ልጅ እንግዳ አይሆንም፤ የሁለቱም ደጋን የፈረስ ጭራ ነው።

ከያሬድ ውጭ፣ እዚያው ስድስት ኪሎ ያለው ጎቴ ኢንስቲትዩት እና ፒያሳ አካባቢ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ኮንሰርት ያዘጋጃሉ። ልጅ ይዞ መሄድ ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን ውስጥም ኪቦርድና ኅብረ ዝማሬ የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። በመደበኛ ትምህርት ቤት ሙዚቃ «የክወናና የእይታ ጥበባት» በሚለው ትምህርት ውስጥ ተካቷል።

ቫዮሊን የሚገዛ ወላጅ ከሁሉ በፊት መጠኑን ይይ። «ያድግበታል» ተብሎ ትልቁ አይገዛም። ለትንንሾች ሩብ፣ ግማሽና ሦስት አራተኛ የሚባሉ መጠኖች አሉ። መለኪያው ቀላል ነው። ልጁ ቫዮሊኑን እንደሚጫወት አንገቱ ሥር አድርጎ ግራ እጁን ይዘርጋ። ጣቶቹ ጫፉን በምቾት ከጨበጡት ልኩ ነው፤ ካልደረሱ አነስ ያለ ይፈለግለት።