የቀስተ ደመናውን ሰንደቅ ቀለማት ድረ ገጽ ላይ በሲኤስኤስ ማኖር

የኩራት ሰንደቅ የሚባለው ባለ ቀስተ ደመና ባንዲራ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና የትራንስጀንደር ሰዎች መለያ ነው። በየዓመቱ ጁን ሲገባ በብዙ አገሮች ያሉ ድርጅቶች ቀለማቱን በድረ ገጾቻቸው ላይ ያኖራሉ። ለዚህ ምስል መጫን አያስፈልግም፤ ጥቂት የሲኤስኤስ መስመሮች ይበቃሉ። የገጹን መልክ ከይዘቱ ለይቶ የሚይዘውን ይህን ቋንቋ በሐሳብ ደረጃ ያቀረበው ሆኮን ዊየም ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ የመጀመሪያው ደንብ በ1996 ጸደቀ።

ሰንደቁን እ.ኤ.አ. በ1978 በሳን ፍራንሲስኮ የነደፈው ጊልበርት ቤከር ነው። የመጀመሪያዎቹ ባንዲራዎች በበጎ ፈቃደኞች እጅ ቀለም ተነክረው የተሰፉ ሲሆኑ ስምንት ቀለማት ነበሯቸው። በብዛት ማምረት ሲመጣ ደማቅ ሮዝ ጨርቅ እንደ ልብ ስላልተገኘ ሮዙ ወጣ፤ በ1979 ቱርኩይዙም (ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ሰማያዊ) ቀርቶ ዛሬ የምናውቃቸው ስድስቱ ጸኑ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በምትታወቀው ኮምቦልቻ ይህን ታሪክ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ስክሪን ላይ ግን ቀለም ቁጥር ስለሆነ አያልቅም። በስፋት የሚሠራባቸው መጠኖች በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ቅደም ተከተል ሲጻፉ፦ ቀይ 228፣ 3፣ 3፤ ብርቱካናማ 255፣ 140፣ 0፤ ቢጫ 255፣ 237፣ 0፤ አረንጓዴ 0፣ 128፣ 38፤ ሰማያዊ 0፣ 77፣ 255፤ ሐምራዊ 117፣ 7፣ 135 ናቸው።

አሠራሩ ሊኒየር ግራዲየንት በሚባለው ትእዛዝ ላይ ይቆማል። ትእዛዙ ብቻውን ከተተወ ቀለማቱን እያዋሐደ፣ ሰማይ ላይ እንደምትታየው የማርያም መቀነት ድንበር አልባ ያደርጋቸዋል። የባንዲራ ቀለም ግን ድንበር አለው። ስለዚህ ቀዩ ከ0 እስከ 16.67 በመቶ ይያዝና ብርቱካናማው እዚያው 16.67 ላይ እንዲጀምር ይደረጋል፤ የቀሩትም በዚሁ ይቀጥላሉ። አቅጣጫ ካልተሰጠው ግራዲየንቱ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ መስመሮቹ አግድም ይሆናሉ። ያው ዘዴ ለአገራችን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ያገለግላል፤ መሐል ላይ ላለው ሰማያዊ ክብ ከመሐል ወደ ዙሪያ የሚዘረጋው ራዲያል ግራዲየንት ይደረብበታል። ሞኒካ ሄልምስ እ.ኤ.አ. በ1999 የነደፈችው የትራንስጀንደር ባንዲራ አምስት መስመሮች አሉት። ዳንኤል ኳሳር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የቀስተ ደመና ባንዲራ ላይ ግን በአንድ ጎን የቀስት ጫፍ ቅርጽ ስላለ፣ በሦስት ማዕዘን የተቆረጡ ተጨማሪ ንብርብሮች ያስፈልጋሉ።

ብዙ ገጾች የሚበላሹት ጽሑፍ በቀለማቱ ላይ ሲያርፍ ነው። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ 4.5 ለ1 የሆነ የንፅፅር ልዩነት ይጠይቃል። ነጭ ፊደል በቢጫው ላይ 1.2 እንኳ በጭንቅ ይደርሳል፤ ጥቁር ፊደል በሐምራዊው ላይ ከ2 ብዙም አይዘልም። ለስድስቱም የሚስማማ አንድ የፊደል ቀለም የለም። በአማርኛ ደግሞ ችግሩ ይከፋል። “ሱ” እና “ሲ”ን የሚለያቸው ከቀኝ እግራቸው የምትወጣው ትንሽ ቅጥል ከፍታ ብቻ ስለሆነ፣ ያቺ ቅጥል ከቀለሟ ጋር በሚመሳሰል መስመር ላይ ካረፈች አንባቢው ሌላ ድምፅ ያነባል። ፊደሉን ራሱን በስድስቱ ቀለማት መሙላትም ነጭ ገጽ ላይ የቢጫውን ክፍል ያጠፋዋል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጠራራ ፀሐይ ላይ በትንሽ ስልክ የሚያነብ ሰው ይህን መታገል የለበትም። ቀለማቱን በገጹ አናት ላይ ቀጭን ሪባን አድርጎ ጽሑፉን ባለ አንድ ቀለም መደብ ላይ መተው ከሁሉም ይሻላል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል አድርጎታል። ከደሴ ሆኖ ለውጭ ደንበኛ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ፣ ቀለማቱ ካሊፎርኒያ ላይ የበዓል ጌጥ እንደሆኑና እዚህ በጋራ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ግን ከፋቹን ሊያስጠረጥሩት እንደሚችሉ ማወቅ አለበት። የሰው ደኅንነት ከገጽ ውበት ይቀድማል። በመሆኑም ሪባኑን ከገጹ መዋቅር ጋር ከማጣበቅ ይልቅ በራሱ ክላስ (በሲኤስኤስ የመለያ ስም) ለይቶ አንባቢው እንዲያጠፋው ቁልፍ መስጠት ይገባል። ለዓይነ ስውራን ጽሑፉን በድምፅ የሚያነበው የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር የጀርባ ቀለም ስለማይናገር፣ መልእክቱ እንዲደርስ የሚፈለግ ከሆነ በቃላትም መጻፍ አለበት።

ስድስቱን ቁጥሮች በየቦታው ከመድገም በፋይሉ መጀመሪያ ላይ በቫሪያብልነት (ስም ሰጥቶ) አንድ ጊዜ መመዝገብ ይመረጣል፤ ሪባኑ፣ የአዝራሩ ጠርዝና የግርጌው መስመር ሁሉ ከዚያው ይወስዳሉ። ሲታተም ብራውዘሮች የጀርባ ቀለምን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚተዉት ሪባኑ ወረቀቱ ላይ አይወጣም።