የኋላ ጭጋግ መብራት፦ ጋራዥ ውስጥ የሚነገረውና እውነታው

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በማለዳ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦርና ከዚያም አልፎ የሚነዳ ሰው ሁለት ዓይነት ጭጋግ ያጋጥመዋል። አንዱ በጣና ዳርቻና በፎገራ ሜዳ ላይ ተኝቶ ያድርና ፀሐይ ሲሞቅ የሚነሣው ነው። ሌላው ከደብረ ታቦር በላይ፣ ወደ ጋሳይ ሲወጣ፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነው። የመጀመሪያውን ትንሽ ቢታገሡት ያልፋል። ሁለተኛው ግን ከፊት ያለውን የጭነት መኪና እንዳለ ውጦ ይይዘዋል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ወቅቱ ሲደርስ አንድ ዓይነት ደንበኛ ይበዛብኛል፦ የኋላ መብራቱ ተሰብሮ ከመለዋወጫ ሱቅ ሌላ ገዝቶ የገጠመ። አዲሱ መብራት ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ስለሚሆን በጭጋግ ጊዜ የሚበራ ቀይ የጭጋግ መብራት ክፍል አለው። መኪናው ግን ከሌላ ገበያ የመጣ ነውና ሽቦው የለውም። «ጋሼ፣ ይቺን ቀይ አብራልኝ» ይለኛል፤ ከዚያ እንከራከራለን።

«መንገዱ እንዲታየኝ ነው»

የኋላው ጭጋግ መብራት ለነጂው ምንም አያሳይም። ከኋላ ለሚመጣው ሰው «እዚህ አለሁ» ማለት ብቻ ነው ሥራው። ስለዚህ ስለ እሱ ሲታሰብ ሁልጊዜ ከኋላው ሰው መቀመጫ ሆኖ ማሰብ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

«የፍሬኑን ክር በማብሪያ ብናበራው ያው ነው»

በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ እኔም በጣም የምጣላበት ይህ ነው። ነገሩ እውነትም ያሳስታል። የጭጋግ መብራት አምፖል 21 ዋት ነው፣ የፍሬኑም 21 ዋት ነው። በብዙ መኪኖች ላይ አንዱ አምፖል ሁለት ክር ይዟል፤ 5 ዋቱ ማታ የሚበራው የኋላ መብራት ሲሆን 21 ዋቱ ፍሬን ሲረገጥ ይበራል። ደንበኛው ታዲያ «ሃያ አንዱ እዚያው አለ፣ አንድ ሽቦ ቀጥልለት» ይላል። ርካሽ ነው፤ በሃያ ደቂቃ ያልቃል።

ይህንን አሠራር አንድ ማታ ከግድግዳ ፊት ለፊት ለአንድ ደንበኛ አሳየሁት። መኪናውን ጀርባውን ለግንቡ ሰጥተን አቆምን፤ ማብሪያውን ጫንኩ፤ ግንቡ ቀላ። ከዚያ «ፍሬን ርገጥ» አልኩት። ረገጠ። ግንቡ ላይ ምንም አልተለወጠም። «ረግጫለሁ እኮ» አለኝ፤ አዎ፣ ረግጧል። ክሩ አስቀድሞ ስለበራ የሚጨመር ብርሃን አልቀረም። ጭጋግ ውስጥ ከኋላ ያለው ሹፌር የሚያየው አንድ ቀይ ነገር ነው፤ ያ ቀይ እየሄደ ይሁን ቆሞ ሊያውቅ አይችልም። እንግዲህ መብራቱ ሊከላከለው የነበረውን አደጋ ራሱ ጠራው ማለት ነው። የአውሮፓ ደንብ በፍሬን መብራቱና በጭጋግ መብራቱ መካከል ከ10 ሳንቲሜትር የበለጠ ርቀት እንዲኖር የሚያዘው ሁለቱ እንዳይምታቱ ነው።

ሌላም ችግር አለ። የፍሬን ሽቦ የሚሄደው ወደ አንድ አምፖል ብቻ አይደለም። በማብሪያው የገባው ኤሌክትሪክ ወደ ሌላኛው ጎንና ከመስታወቱ ውስጥ ወዳለው ሦስተኛው ፍሬን መብራት ያልፋል፤ ወደ ፊትም ተመልሶ የፍሬን ምልክት የሚጠብቀውን ሁሉ ያታልላል። በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች ማርሹን ከፓርክ የሚያላቅቀው ምልክት ከዚሁ መስመር ይነሣል፤ ስለዚህ ፍሬን ሳይረገጥ ማርሹ ሊላቀቅ ይችላል። «ዳዮድ ብናስገባስ?» የሚል አዋቂ አይጠፋም። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋልና ተመላሹን ያግዳል፤ ግንቡ ላይ ያየነውን ግን አያስተካክልም።

«የኋላ መብራቱ ይበቃል፣ ቀይ ቀይ ነው»

በአውሮፓ መለኪያ የተለመደው የኋላ መብራት ወደ ቀጥታ ቢያንስ 4 ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ)፣ የፍሬኑ ቢያንስ 60፣ የጭጋጉ ደግሞ ከ150 እስከ 300 መስጠት አለበት። ልዩነቱ በቁጥሩ ውስጥ አለ። 5 ዋቱን አውጥቶ ትልቅ አምፖል መክተትም መፍትሔ አይደለም፤ ለዚያ ያልተሠራው ፕላስቲክ ሙቀቱን አይችልም።

«ቀዳዳው ካለ አምፖል መክተት ብቻ ነው»

ቀዳዳው አለ፤ ሽቦው የለም። አንዳንዴ ደግሞ ቀዳዳው ያለው በአንዱ ጎን ብቻ ነው፤ በሌላው ጎን ያው ቦታ ለነጩ የኋላ ማርሽ መብራት ይውላል። ይህ ጉድለት አይደለም። ደንቡ አንድ ጭጋግ መብራት ይበቃል ይላል። አንድ ከሆነ ግን በመንገዱ መካከል በኩል፣ እንደ እኛ በቀኝ በሚነዳበት አገር በግራ ጎን መሆን አለበት። በግራ ከሚነዳበት አገር የመጣ መብራት ከተገዛ ቀዩ በቀኝ ይወድቃል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መብራቱን ገልብጦ ቀዩ ክፍል በየትኛው ጎን እንዳለ ማየት ነው። ከመከላከያው በታች ለብቻው የሚንጠለጠል መብራት የሚመርጥ ከመሬት ከ25 ሳንቲሜትር በታች፣ ከ1 ሜትርም በላይ አያድርገው።

«ከኋላ መብራቱ ሽቦ እንቅዳ፣ ቅርብ ነው»

ቅርብ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ያ መስመር ለትንንሽ አምፖሎች የተሰላ ነው። ሁለት 21 ዋት ሲጨመርበት 3.5 አምፔር ገደማ ተጨማሪ ይጎትታል። ፊውዙ ቢቃጠል ደግሞ የኋላ መብራቱ አብሮ ይጠፋል፤ ያውም በጭጋግ ውስጥ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ከባትሪ ቀጥታ መስመር እስባለሁ፤ ባትሪው አጠገብ ለአንድ አምፖል 5፣ ለሁለት 7.5 አምፔር ፊውዝ አስገባለሁ፤ መስመሩን ወደ ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ዕቃ) 30 ቁጥር እግር እወስዳለሁ። ከ87 ወደ መብራቱ ይሄዳል። 86 ኃይሉን የሚያገኘው ከአጭር የግንባር መብራት ሲሆን በመካከሉ ማብሪያው አለ፤ 85 ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ መኪናው አካል ይታሰራል። በዚህ መልኩ ግንባር መብራቱ ካልበራ ጭጋጉም አይበራም፤ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል።

በርካታ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ግን የግንባር መብራቱ የሚበራውና የሚጠፋው በማሳው በኩል ነው፤ ፖዘቲቩ ሁልጊዜ እዚያው አለ። ይህን ሳይለካ 86ን የቀጠለ ሰው መኪናው ቆሞ ሳለ ሳይቀር የሚበራ ጭጋግ መብራት ይኖረዋል። በቴስተር መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

«አምፖሉ ነው የተበላሸው»

ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ደብዝዞ ይበራል፣ ጭጋጉ ሲበራ የኋላ መብራቱ ይደክማል፤ ባለቤቱ ሦስተኛ አምፖል ገዝቷል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሳው ነው። ኤሌክትሪኩ የራሱን መመለሻ ሲያጣ በሌላው አምፖል ክር በኩል ይመለሳል። ባለፈው ክረምት አንዱን ስፈታ ማሳው የታሰረው በቀለም ላይ ነበር፤ ብሎኑን ስነካው ዝገቱ እንደ በርበሬ ረገፈ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈቅፌ፣ ብሎን ለውጬ፣ ቅባት ቀብቼ አሰርኩት። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያም የጣናን እርጥበት አንድ ክረምት አይችልም፤ ይበየድ፣ በላዩም በሙቀት የሚጨማደድ ላስቲክ ይግባበት።

«ኤልኢዲ ከሆነ ይሻላል»

መብራቱ ለኤልኢዲ ከተሠራ አዎ። ለተራ አምፖል የተሠራ ውስጥ ከተከተተ ግን ብርሃኑን አንጸባራቂው በተሠራበት መልክ አይበትነውም፤ ነጩ ኤልኢዲ በቀዩ ፕላስቲክ ሲያልፍም ቀለሙ ወደ ሮዝ ይሄዳል።

«ደብል ፍሬቻ እያለ ምን ያስፈልጋል?»

ወደ ጋሳይ ሽቅብ ስወጣ ደብል ፍሬቻ እያበራ የሚሄድ መኪና ሳላገኝ የቀረሁበት ጭጋጋማ ቀን የለም። ደብል ፍሬቻ «ቆሜያለሁ» ለማለት ነው። እየሄደ ያበራው ሰው ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል የሚያሳይበት ምልክት የለውም።

«አንዴ ከተገጠመ ሁልጊዜ ቢበራ ምን ይጎዳል?»

በጀርመን የኋላው ጭጋግ መብራት የሚፈቀደው በጭጋግ ምክንያት ከ50 ሜትር በላይ ማየት ሲያቅት ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ የኋላውን ሰው ዓይን ይወጋል፤ ፍሬኑንም ይሸፍናል። ለዚህ ነው ዳሽቦርዱ ላይ ብጫ ጠቋሚ መብራት የሚያስፈልገው፤ ነጂው የራሱን ጀርባ አያይም።

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አንድ ጥርት ባለ ማታ ስሻገር ከፊቴ የነበረው መኪና ጭጋጉን አብርቶ ይሄድ ነበር። 380 ሜትሩን ሙሉ ዓይኔን አጥብቤ ተከተልኩት። ድልድዩን ስንጨርስ ታርጋውን አየሁት፤ የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ «ወጪ አታብዛብኝ» ብሎኝ ጠቋሚውን ትቼው ነበር። በማግስቱ ደወልኩለትና ሳላስከፍለው ገጠምኩለት።