ግፊትን ሆን ብሎ ማውረድ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ አፍንጫው የታፈነ ሁሉ «ሳይነሴ ተነሳብኝ፣ ብርዱ ነው» ይላል። ከመንዝ የመጡት አጎቴ ግን የሚረጨውም የሚዋጠውም አልያዘላቸውም፤ አፍንጫቸው ውስጥ ሥጋ በቅሎ ኦፕራሲዮን ታዘዘላቸው። ሥራዬ ሰመመን መስጠት እንደሆነ ስለሚያውቁ መጥተው፣ «ልጄ፣ ግፊትዎን ዝቅ እናደርጋለን አሉኝ፤ ግፊት ሲወርድ ሰው ይወድቅ የለም እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ የሚያስፈራ ነገር ነው። የሳይነስ ኦፕራሲዮን የሚሠራው በአፍንጫ ቀዳዳ በምትገባ ቀጭን ካሜራ ነው። ከአጥንቱ ማዶ ዓይንና አንጎል አሉ፤ አጥንቱም አንዳንድ ቦታ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነው። አንዲት የደም ጠብታ የካሜራዋን ጫፍ ከሸፈነች ሐኪሙ ምንም አያይም። ስለዚህ መድማቱ እንዲቀንስ ጤነኛ ሰው ላይ አማካይ ግፊቱን፣ ማለትም ከላይኛውና ከታችኛው ቁጥር መሃል ሆኖ ወደ ታችኛው የሚያደላውን፣ ከ60 እስከ 65 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እናደርሰዋለን። ግፊቱ 120 በ80 የሆነ ሰው አማካዩ 93 አካባቢ ነው።

በምን እናውርደው? ናይትሮግሊሰሪን የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ቁጥሩ ወዲያው ይወርዳል። ልብ ግን ደም የጎደለ መስሎት መሮጥ ይጀምራል፤ የሰፉት የአፍንጫ ሥሮችም ደም ይሞላሉ። ሞኒተሩ 60 እያሳየ ሐኪሙ «አሁንም ይደማል» የሚለው ለዚህ ነው። በትንፋሽ የሚሰጠውን የሰመመን ጋዝ አይሶፍሉሬንን አብዝቶ ማስተንፈስም እንዲሁ ሥር ያሰፋል። እኔ የማምነው ልብን በሚያረጋጋው መንገድ ነው፦ የሚያስተኛውን ፕሮፖፎልን ከጠንካራው የሕመም ማስታገሻ ከሬሚፌንታኒል ጋር በደም ሥር መስጠት፣ ወይም ዴክስሜዴቶሚዲን የሚባለውን ማረጋጊያ፣ ወይም እንደ ኤስሞሎል ያለ የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት። የልብ ምት በደቂቃ 60 ገደማ ሲሆን የካሜራው እይታ ይጠራል። ሁሉም ግን ጣጣ አለው። ዴክስሜዴቶሚዲን ልብን ከልክ በላይ ሊያዘገይ፣ መንቂያውንም ሊያስረዝም ይችላል፤ ሬሚፌንታኒል ሲቆም ወዲያው ስለሚጠፋ ሌላ የሕመም ማስታገሻ ቀድሞ መሰጠት አለበት። በየማዋለጃ ክፍሉ የምናውቀው ማግኒዥየም ሰልፌትም ያግዛል፣ ጡንቻ የሚያፈታውን መድኃኒት ግን ያራዝመዋል። የአልጋውን ራስጌ 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ ደግሞ ምንም አያስወጣም።

አጎቴ የግፊት ኪኒን መዋጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። አንጎላቸውና ኩላሊታቸው ከፍ ያለ ግፊት ስለለመዱ 60 ለእሳቸው አይሆንም፤ ልኩ ከራሳቸው ግፊት ተነስቶ ነው የሚወጣው። «ጋሼ፣ ኪኒኑን ከነካርቶኑ ይዘው ይሂዱ፤ በኦፕራሲዮኑ ጠዋት የትኛውን እንደሚውጡ እነሱ ይንገሩዎት፣ በራስዎ እንዳያቆሙ» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ካርቶኑን ሊያመጡ ገቡ።