ፈጣን የብዝሃ ሕይወት ዳሰሳ ምንድን ነው?

ፈጣን የብዝሃ ሕይወት ዳሰሳ የሚባለው የተለያየ ሙያ ያላቸው ጥቂት ባለሙያዎች ብዙም ወዳልተጠና ደን አብረው ገብተው፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ የሚያገኙትን ዕፅዋትና እንስሳት መዝግበው የሚወጡበት ጥናት ነው። ዓላማው ሁሉን ቆጥሮ መጨረስ አይደለም። ደኑ ለእርሻ ወይም ለመንገድ ከመሰጠቱ በፊት ምን እንደያዘ ውሳኔ ለሚሰጡት ሰዎች በጊዜ ማድረስ ነው።

ስልቱን ያስተዋወቀው ኮንሰርቬሽን ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረው መርሐ ግብር ነው። የመጀመሪያው ቡድን ወደ ቦሊቪያ ዘመተ። ወፎችን በድምፃቸው ብቻ በመለየት ስሙ የገነነው ቴድ ፓርከርና የዕፅዋት ሊቁ አልዊን ጄንትሪ ነበሩበት። ያጠኑት አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1995 ማዲዲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተካተተ። ሁለቱ ግን ለዚያ አልደረሱም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ኢኳዶር ውስጥ ለዳሰሳ በወጡበት አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ሕይወታቸው አለፈ። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2014 ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከፋ ውስጥ ባዮስፌር በተባለው ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ ተመሳሳይ ጥናት አካሂዷል።

ሥራው ጎሕ ሳይቀድ ይጀምራል፤ ወፎች የሚዘምሩት ያኔ ነውና ድምፃቸው ይቀረጻል። ማታ ደግሞ በባትሪ ብርሃን ወንዝ ዳር እንቁራሪት ይፈለጋል። የዕፅዋት ባለሙያው አበባ ወይም ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ቆርጦ በጋዜጣ መካከል ያስተኛዋል፣ በሁለት ጣውላ መሐልም ጠፍሮ ያደርቀዋል። ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን ይጽፋል። የአበባዋን ቀለምም እዚያው ካልጻፈ በኋላ አያገኘውም፤ ስትደርቅ ይጠፋል። ቀፎ ለመስቀል ዛፍ ላይ ሲወጣ የኖረ ገበሬ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ ስለሚያውቅ፣ እሱን ያልያዘ ቡድን ጎዶሎ ነው እላለሁ።

እኛ ጅማዎች ይህን ዳሰሳ አጥብቀን የምንፈልግበት ምክንያት አለን። በለጠ ጌራ በሚባለው ደናችን ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ምርት እንዲጨምር ሥሩ ይመነጠራል፤ ከቡናው ጋር የሚሻሙት ቁጥቋጦዎችና ነገ እንደ ቀረሮ ያሉ ትልልቅ ዛፎች ሊሆኑ የሚችሉ ችግኞች አብረው ይወገዳሉ። ከላይ ጥላው ስላልተነካ በሳተላይት ምስል ደኑ ደህና ይመስላል። ተተኪ እንደሌለው የሚታወቀው ሰው ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ ችግኝ ሲቆጥር ብቻ ነው።

ፍጥነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በክረምት የገባ ቡድን በበጋ የሚያብበውን በአበባው ሊለየው አይችልም። በመጨረሻው ቀን አዳዲስ ዝርያዎች እየተገኙ ከሆነም ዝርዝሩ ገና አልተሟላም ማለት ነው። ይህ በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በጉልህ መጻፍ አለበት። አለበለዚያ መሬቱን የሚፈልግ ሰው «ያልተመዘገበ ዝርያ እዚህ የለም» ብሎ ያንኑ ሪፖርት ደኑን ለማስመንጠር ሊያቀርበው ይችላል።