ፔጂንግ፦ ኮምፒውተር የሜሞሪ አድራሻን እንዴት ይተረጉማል?

ፔጂንግ ሜሞሪን እኩል እኩል በሆኑ ገጾች ከፍሎ ለፕሮግራሞች የማደያ ዘዴ ነው። በኮምፒውተራችን ላይ የተከፈተ ፕሮግራም ሁሉ ሜሞሪው በሙሉ የራሱ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚሠራው። ሁለት ፕሮግራሞች እኩል «አድራሻ 20500» ብለው ቢጠሩ እንኳ አይጋጩም። የሚጠሩት አድራሻ ምናባዊ ነው። ራም ላይ ያለው እውነተኛ ቦታ ለየቅል ነው።

በቁጥር እንየው። በብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ገጽ 4096 ባይት ነው። 20500 ለ4096 ሲካፈል 5 ይደርስና 20 ይተርፋል። ስለዚህ የምንፈልገው ባይት ገጽ 5 ውስጥ፣ ከገጹ መነሻ 20 ባይት ርቆ ይገኛል። ፕሮሰሰሩ የፕሮግራሙን የገጽ ሠንጠረዥ፣ ማለትም የትኛው ገጽ ራም ላይ የት እንዳለ የሚያሳየውን ዝርዝር ያያል። ራምም የገጽ ያህል ስፋት ባላቸው ፍሬም በሚባሉ ቦታዎች ተከፍሏል፤ ገጽ 5 ፍሬም 9 ውስጥ ተቀምጧል እንበል። 9 ጊዜ 4096፣ 36864። 20 ሲደመርበት 36884። እውነተኛው አድራሻ ይኸው ነው። የተቀየረው የገጹ ቁጥር ብቻ ነው፤ 20ዋ እንዳለች አልፋለች።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው አትላስ ኮምፒውተር በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር። ኢንቴል ደግሞ በ1985 በ386 ፕሮሰሰሩ ወደ ግል ኮምፒውተሮች አመጣው።

ከባዱ ሠንጠረዡ ራሱ ነው። ዛሬ በ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የተለመደው ምናባዊ አድራሻ 48 ቢት ነው። 12ቱ ገጹ ውስጥ ያለውን ቦታ ያመለክታሉ። ለገጽ ቁጥር 36 ይቀራል፤ ይህም ከ68 ቢሊዮን በላይ ገጽ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ 8 ባይት ብንይዝ የአንድ ፕሮግራም ሠንጠረዥ ብቻ 512 ጊጋባይት ይበላል። የማይታሰብ ነው! ስለዚህ ሠንጠረዡ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጣ በአራት ደረጃ ይሠራል። 36ቱ ቢት ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ዘጠኝ የቀጣዩን ሠንጠረዥ ቦታ፣ የመጨረሻው ዘጠኝ ደግሞ የገጹን ፍሬም ያሳያል። ፕሮግራሙ ላልነካው ሰፊ ቦታ ቅርንጫፍ አይሠራለትም። በየሠንጠረዡ 512 መስመር አለ፤ በ8 ባይት ሲባዛ 4096፣ ልክ አንድ ገጽ። ይህ ግጥም ማለቱ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ግን አንድ ባይት ለማንበብ አራት ሠንጠረዥ ማገላበጥ ያደክማል። ለዚህ ፕሮሰሰሩ ቲኤልቢ የሚባል ትንሽ ፈጣን ማስቀመጫ አለው። በቅርቡ የተተረጎሙ አድራሻዎች እዚያ ይቆያሉ። አብዛኛው ጥያቄ እዚያው መልስ ያገኛል።

ሠንጠረዡ «ይህ ገጽ ራም ላይ የለም» ሲልስ? ፔጅ ፎልት ይከሰታል። ፕሮሰሰሩ ፕሮግራሙን ያቆምና ጉዳዩን ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክባል። ፕሮግራሙ የማይመለከተውን ቦታ ነክቶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል። ገጹ ዲስክ ላይ ከሆነ ግን ተፈልጎ ይመጣል፣ ሠንጠረዡ ይስተካከላል፣ ያቺው ትእዛዝ እንደገና ትሞከራለች። ራም ሞልቶ ገጾች ከዲስክ ሲመላለሱ ላፕቶፑ የሚንቀራፈፈውም ለዚህ ነው፤ ዲስክ ከራም እጅግ ይዘገያል።