ማዳበሪያ ወይስ ባርቤል? ሐዋሳ ላይ ስለ ጉልበት ልምምድ የምሰማቸው ስህተቶች

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ብትወጡ የመኪና ጎማ በገመድ ወገባቸው ላይ አስረው የሚጎትቱ ልጆች ታያላችሁ። ታቦር ተራራ ላይ ደግሞ ግማሽ ማዳበሪያ አሸዋ ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡ አሉ። ጂም ገብተው ከባርቤል ጋር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ክብደት ከሚጫንበት የብረት ዘንግ ጋር፣ የሚያመሹትም ጥቂት አይደሉም። የሚያሳዝነኝ ሁለቱ ወገኖች መናናቃቸው ነው። ጎማ ጎታቹ የጂሙን ልጅ "ለመስታወት ነው የምትሠራው" ይለዋል፤ የጂሙ ልጅ ጎማውን እንደ ጨዋታ ያየዋል። የሰፈር ታዳጊዎችን በኳስና በሩጫ ሳሰለጥን ከሁለቱም ወገን ልጆች ይመጡልኛል፤ ይዘውት የሚመጡት እምነት ግን ብዙውን ጊዜ ራሱ መታረም ያለበት ነው።

"ብረት ያከብዳል፤ ሯጭ ከነካው ይዘገያል"

ይህን ከአሰልጣኞችም ጭምር እሰማለሁ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ክብደት የሚያነሳ ሰው ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ደረቱ የተነፋ ሰው ነው። ያ ሰው ግን እንደዚያ የሆነው ለዚያው ብሎ፣ ለዓመታት ብዙ እየደጋገመና ብዙ እየበላ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከበድ ያለ ክብደት ጥቂት ጊዜ አንስቶ በቀረው ቀን ሲሮጥ የሚውል ልጅ እንዲያ አይወፍርም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ጉልበት በአብዛኛው ከነርቭ የሚመጣ ነው። ጡንቻው ያው ሆኖ ሳለ፣ አንጎል በውስጡ ያሉትን ክሮች በብዛትና በፍጥነት ማዘዝ ይለምዳል።

ሊና ፓቮላይነን የተባለች የፊንላንድ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ጥናት ለዚህ ሁልጊዜ አነሳለሁ። የሠለጠኑ ሯጮች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለ9 ሳምንታት ከልምምዱ ሲሶ ያህሉን በዝላይ፣ በአጭር የፍጥነት ሩጫና ቀለል ያለ ክብደት በፍጥነት በማንሳት ተካው፤ ሌላው እንደ ወትሮው ሮጠ። የልምምዱ ጠቅላላ መጠን እኩል ነበር። የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓቱን ያሻሻለው ከሩጫው ቀንሶ ጉልበት የሠራው ቡድን ሆነ። ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው አልጨመረም፤ የተለወጠው በአንድ እርምጃ የሚያወጡት ጉልበት ነው። እግራቸው መሬቱን ነክቶ ቶሎ መነሳት ቻለ፤ በዚያው ፍጥነት ለመሮጥ የሚፈጁት ኃይል አነሰ።

"ባርቤል ጊዜው አልፎበታል፤ እውነተኛ ጉልበት በጎማና በአሸዋ ነው"

በዕድሜ ከሆነ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ድንጋይ፣ ግንድና ከረጢት ማንሳት ከባርቤል እጅግ ይቀድማል። ዛሬ በየጂሙ እንደ አዲስ ግኝት የሚታየው እጀታ ያለው ክብ ብረት፣ ኬትልቤል፣ ሩሲያ ውስጥ ከጥንት የገበያ ሚዛን ድንጋይ የመጣ ነው። ዙርኻኔ በሚባሉት የኢራን ባህላዊ የስፖርት ቤቶችም ሰዎች የእንጨት ዱላ እያወዛወዙ ሲሠለጥኑ ኖረዋል።

ባርቤል ያመጣው አዲስ ነገር ክብደትን በልኩ መጨመር መቻልን ነው። ዛሬ 40 ኪሎ ያነሳ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት 42.5 ያነሳል። በ1940ዎቹ ቶማስ ዴሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም የቆሰሉ ወታደሮችን ጉልበት የመለሰው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ጡንቻው በቻለ ቁጥር ክብደቱን ደረጃ በደረጃ መጨመር። ጎማ እንዲህ አይታዘዝም። ይህን የተማርኩት ከራሴ ስህተት ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ከልጆቼ ጋር ያንኑ ጎማ ስንገለብጥ ከረምን። በመጀመሪያው ወር ጥሩ ለውጥ አዩ፤ ከዚያ በኋላ ትንፋሻቸው እንጂ ጉልበታቸው ንቅንቅ አላለም። ጎማው ያው ጎማ ነው፤ ሰውነታቸው ለምዶታል። በዚያ ላይ ከፊሎቹ ጎማውን ክርናቸውን አጥፈው በክንዳቸው ሊያነሱት ይሞክሩ ነበር። የክንድ ጡንቻና ጅማት የሚጎዳው እንዲያ ሲነሳ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ፣ ደረት ጎማውን ተጠግቶ፣ በእግር መገፋት አለበት።

አሸዋን ግን አላጣጥልም። ለስላሳ አሸዋ ላይ መሮጥ በጠንካራ መሬት ላይ በዚያው ፍጥነት ከመሮጥ 1.6 እጥፍ ያህል ኃይል ይፈልጋል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈበት በ1960ው የሮም ኦሎምፒክ፣ 1,500 ሜትሩን በዓለም ክብረ ወሰን ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ኸርብ ኤሊየት ነበር። አሰልጣኙ ፐርሲ ሰራቲ በፖርትሲ የባሕር ዳርቻ የአሸዋ ኮረብታ ላይ ሲያስሮጠው እንደነበር ብዙ ሰው ያውቃል። ያው ሰራቲ ሯጮቹን ከባድ ባርቤል ያስነሳ እንደነበር የሚጠቅስ ግን ጥቂት ነው። እኛ እንደ ጠላት የምናያቸውን ሁለቱን መንገዶች ሰውየው በአንድ ልጅ ላይ አገናኝቷቸዋል።

"ጂም መክፈል ያልቻለ ልጅ ጠንካራ አይሆንም"

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው፤ ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ተስፋ ቆርጧል! ሰውነት የብረትና የአሸዋ ልዩነት አያውቅም፤ የሚያውቀው ጫናውን ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ማዳበሪያውን እህል ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑ፤ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት አሸዋ ጨምሩበት፤ የጨመራችሁትን በደብተር ጻፉ። ማዳበሪያው እንዲህ ሲያዝ የባርቤሉን ዋና ጥቅም ያገኛል።

ለኳስ ተጫዋች ደግሞ ምንም ዕቃ የማይፈልግ ልምምድ አለ። ተንበርክኮ፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት፣ ከጉልበቱ እስከ ትከሻው ቀጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይወርዳል፤ ኖርዲክ ይባላል። በ2019 የወጣና ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ፣ ይህን በልምምዳቸው ያካተቱ ቡድኖች የኋላ ጭን ጡንቻ ጉዳታቸው በግማሽ ያህል ቀንሶ እንደታየ ያሳያል። የኋላ ጭን ተይዞ ከሜዳ የሚወጣ ልጅ ላየ አሰልጣኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ገደቡንም ልናገር። እግሩ በደንብ የጠነከረ ልጅ ማዳበሪያ አቅፎ ቁጭ ብድግ ሲል ከእግሩ በፊት ክንዱና ጀርባው ይደክማል። ያኔ እግሩን የሚፈትነው በትከሻ ላይ የሚያርፍ ባርቤል ነው፤ ጂም መግባት ካለበት እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ይግባ።

"ታዳጊ ክብደት ካነሳ ቁመቱ ይቀራል"

አንዲት እናት ልጃቸው 13 ዓመት ሲሞላው "አሰልጣኝ፣ አደራ ልጄ ድንክ ሆኖ እንዳይቀርብኝ" አሉኝ። አይቀርም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በባለሙያ ክትትል፣ በትክክለኛ አቋም የሚሠራ የጉልበት ልምምድ የልጆችን ዕድገት እንደማይጎዳ በግልጽ አስቀምጧል። ያው ልጅ ከአጥር ላይ ዘሎ ሲወርድ እግሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ነው፤ ለዚያ ማንም አይፈራም። አደጋው ያለ አስተማሪ ከጓደኛ ጋር ተፎካክሮ አንድ ጊዜ የሚቻለውን ትልቁን ክብደት መሞከር ላይ ነው። ያንን እኔም እከለክላለሁ።

"የአፍ ጭምብል አድርጎ መሮጥ እንደ በቆጂ ከፍታ ነው"

አይደለም። ጭምብሉ አየር ወደ ሳንባ እንዳይገባ ያጠባል እንጂ የከፍታውን ስስ አየር አይተካም። ቢበዛ የመተንፈሻ ጡንቻን ያሠራል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ፣ በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ናት፤ ልዩነቱን ጨርቅ አይሞላውም።

"ካላመመኝ አልሠራሁም ማለት ነው"

ሕመም የሚያሳየው ሰውነት ያልለመደውን እንቅስቃሴ መሥራቱን ነው፤ በተለይ ጡንቻ እየተሳበ ጭነት ሲይዝ። ስለዚህ ታቦር ላይ በማግስቱ ጭናችሁን የሚያሳምማችሁ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ሲወጡ ልብና ሳንባ ይደክማሉ፤ ሲወርዱ የፊት ጭን በየእርምጃው እየተሳበ ፍሬን ይይዛል፤ ሕመሙ በሁለተኛው ቀን ይብሳል። ልጆቼ እሑድ ጨዋታ ካላቸው ዓርብ ታቦርን ሮጠው ይወጣሉ፤ ሲወርዱ ግን በእግር፣ ቀስ ብለው ነው።