የትክትክ ክትባትና የሙከራ እንስሳት፦ ከአይጥ እስከ ዝንጀሮ

ትክትክ ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ የመተንፈሻ አካላት በሽታ ነው። በተለይ ጨቅላ ሕፃናትን ይገድላል። ድሮ መድኃኒቱ የአህያ ወተት ነው ይባል ነበር። ዛሬ የድሬዳዋም የሐረርም እናት ልጇን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወስዳ «ፔንታ» ታስከትባለች። ፔንታ ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን የሚከላከል መርፌ ሲሆን፣ አገራችን የገባው በ2007 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ባክቴሪያውን በ1906 ለይተው ያሳደጉት ቤልጂጋዊያኑ ዡል ቦርዴ እና ኦክታቭ ዣንጉ ናቸው። በ1930ዎቹ ፐርል ኬንድሪክ እና ግሬስ ኤልደሪንግ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ጥሩ ክትባት ሠሩ። የክትባቱን ጥንካሬ መለኪያም ከኬንድሪክ ተገኘ። አይጦች ይከተቡና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሕያው ባክቴሪያ አንጎላቸው ውስጥ ይወጋል፤ ስንት እንደተረፉ ይቆጠራል። የሳንባን በሽታ በአንጎል መፈተን ግራ ያጋባል። ሆኖም የብሪታኒያ ጥናቶች ውጤቱ በሕፃናት ላይ ከታየው ጥበቃ ጋር እንደሚገጥም አሳይተዋል።

አይጥ ግን እንደ ሰው አትስልም። ስለዚህ ክትባቱ መተላለፍን ያቆም እንደሆነ በእሷ ማወቅ ይከብዳል። የአሳማ ግልገልም ተሞክሯል።

ነገሩን የቀየረው ዝንጀሮ ነው። በ2012 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተመራማሪዎች፣ እነ ቶድ መርክል፣ አኑቢስ የሚባለው ዝንጀሮ እንደ ሕፃን ልጅ እንደሚታመም አሳዩ። ከሁለት ሳምንት በላይ ይስላል፤ ነጭ የደም ሕዋሱ ይጨምራል፤ በሽታውንም በአየር ያስተላልፋል። ቀጥለው ግልገሎችን በ2፣ በ4 እና በ6 ወራቸው ከተቡ፤ በ7 ወራቸው ባክቴሪያውን ሰጧቸው። ሀብታም አገሮች የሚጠቀሙበትን፣ ከባክቴሪያው የተመረጡ ፕሮቲኖች ብቻ ያሉበትን አሴሉላር ክትባት የወሰዱት አልታመሙም። ባክቴሪያውን ግን ለሳምንታት ተሸክመው ለሌላው አስተላለፉ። ሙሉውን የሞተ ባክቴሪያ የያዘውን የወሰዱት ቶሎ አጸዱት። የእኛ ፔንታ የዚህኛው ዓይነት ነው። ትኩሳት ያመጣል እየተባለ ሲታማ የኖረው ክትባት ማለት ነው!

ዝንጀሮ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በባቡሩ መስመር ያለችው ኤረር ጎታ፣ ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ የሐማድሪያስ ዝንጀሮን ኑሮ ያጠናባት ቦታ ናት። ሐማድሪያስ የአኑቢስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አዋሽ አካባቢ ሁለቱ ይዳቀላሉ። ለትክትክ ሙከራው የዋሉት ግን የአሜሪካ እርባታ ናቸው።

ትክትክ በሀብታም አገሮች ለምን እንዳገረሸ ክርክር አለ። የክትባቱ ጥበቃ ቶሎ መድከሙ፣ የባክቴሪያው መለወጥ፣ የምርመራው መሻሻል ይጠቀሳሉ። የዝንጀሮው ውጤት ለሰውም በቀጥታ ይሠራል ብሎ መደምደም ያስቸግራል።

ከልደት እስከ 6ኛው ሳምንት ያለው ክፍተትም አለ። እናትን በእርግዝና ጊዜ መከተብ አራስ ዝንጀሮዎችን ከትክትክ እንደሚጠብቅ በ2014 ታይቷል። በብዙ አገር ነፍሰ ጡሮች ይህን ክትባት ያገኛሉ። እኛ ጋ በመደበኛው የሚሰጣቸው የቴታነስና የዲፍቴሪያ ነው፤ ትክትክ የለበትም።